የፊልም ፌስቲቫል ሰልፍ ላይ «ይቅደሙ» አይባልም

ግንቦት በገባ ቁጥር ሲያትል ውስጥ ትልቅ የፊልም ፌስቲቫል እንደሚደረግ አውቅ ነበር። ማስታወቂያው አውቶብስ ጎን ላይ ተለጥፎ በፊቴ ሲያልፍ ሃያ ሰባት ዓመት አይቻለሁ። ግን አንድም ቀን እኔን የሚመለከት መስሎኝ አያውቅም። ዘንድሮ ሄድኩ። አንድ ቅዳሜ ብቻ ሄዳ መካሪ ሆነች ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ የሚችለውን ስህተት ሁሉ ሠርቼ ስለጨረስኩ፣ ለእናንተ የተረፈ ያለ አይመስለኝም።

የሄድኩት ለሜሮን ብዬ ነው። ሜሮን የክርስትና ልጄ ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። እናቷ አስቴር ከአገር ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ሜሮን ልጅ ሳለች ሁላችንም እዚሁ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖር ነበር። አስቴር ሥራ የምትገባው ሳይነጋ ስለነበረ፣ ልጅቷን በአውቶብስ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። አንድ ሁለት ጊዜ፣ እሺ፣ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ልጅቷ ታረፍዳለች የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ መጥቷል። የአውቶብሱ ጥፋት ነው ብዬ መልስ ሰጥቻለሁ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ሜሮን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊልም ትሠራለች። ኮሌጅ ስትገባ «ፊልም ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው፤ ነርስ ብትሆኚ ምን አለበት» ያልኳት እኔው ነኝ። ስትመረቅ ደግሞ አልተገኘሁም። ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። የምርቃቷ ዕለት ተተኪዬ ቀረችና የማስታምማቸውን ሴትዮ ብቻቸውን ጥዬ መውጣት አልሆነልኝም። ደውዬ ይቅርታ ብላት «ኢትስ ኦኬ፣ እቴቴ» አለችኝ። እንዲህ ያለው ኦኬ፣ ኦኬ እንዳልሆነ ለማወቅ እንግሊዝኛ መቻል አያስፈልግም።

ሶ፣ ዘንድሮ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልሟ ለፌስቲቫሉ ተመረጠ። አስቴር አሁን የምትኖረው ከሲያትል ወጣ ብሎ ዴ ሞይን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜዋን የሚይዝላት ሰው አጣችና ደወለችልኝ።

«አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽን» አለች። «እዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ቆማ አንድ የራሷን ሰው ሳታይ እንዳትወርድ። አደራሽን።»

ሜሮንም ደወለች። «ፊልሞቹ ሲያልቁ ስቴጅ ላይ እንወጣለን። አይል ሉክ ፎር ዩ፣ በዐይኔ እፈልግሻለሁ። ጀስት ቢ ዜር፣ ብቻ አትቅሪ፣ ኦኬ?»

«እሺ የኔ ልጅ። ለመሆኑ ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?»

«ዩል ሲ፣ ታዪዋለሽ።»

«ክረምት ላይ የወሰድሽውን ቡናማ ካፖርቴንስ መቼ ነው የምትመልሺው?»

«ዩል ሲ» አለች እንደገና።

እንግዲህ ስለ ልብስ ልንገራችሁ። ፌስቲቫል ሲባል ቀይ ምንጣፍ ታይቶኝ፣ ለጥምቀት ብቻ የማወጣውን ጥልፍ ቀሚስ ለበስኩ፤ ነጠላዬን አጣፋሁ። ስደርስ ሰው ሁሉ ተራራ ሊወጣ የተሰናዳ ይመስላል። የዝናብ ጃኬት፣ ወፍራም ካልሲ፣ ጭቃ የነካው ጫማ። እያካፋ ጃንጥላ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት ወጣት ጠጋ ብላ ፎቶ ላንሳሽ አለችና ካነሳችኝ በኋላ፣ ከየትኛው ፊልም እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ከሬኒየር ቫሊ ነኝ አልኳት። ምስጋናዋን አቅርባ ሄደች። የት እንደለጠፈችው እግዚአብሔር ይወቅ።

ስለ ምግብም ብዙ አትጨነቁ። ውስጥ ፈንድሻ አለ፤ ቅቤ ይጨመርበት ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ከልማድ የተነሳ «ጾም ነው» ብዬ ከመለስኩ በኋላ ነው በዓለ ሃምሳ ላይ መሆናችን ትዝ ያለኝ። ጾም በሌለበት ጾም ነው ማለት ውሸት ይሁን አይሁን ስብሰለሰል ልጁ ያለ ቅቤ ቀድቶ ሰጠኝ። ደግነቱ ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ ይዤ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነው ኋላ፣ ውጭ ከቀረሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሰልፉ ልመለስ።

ሰልፉ ሦስት ነው። አንደኛው አንገታቸው ላይ ካርድ ያንጠለጠሉ ሰዎች ነው፤ እነዚህ ፌስቲቫሉን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩ፣ ሳንድዊች እየገመጡ ከፊልም ወደ ፊልም የሚሮጡ ናቸው። ሁለተኛው ለዚያ ፊልም ብቻ ትኬት ያለን ሰዎች ነው። ሦስተኛው ትኬት የሌላቸው፣ ምናልባት ወንበር ይተርፍ ይሆናል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ ሰዎች ነው። ሦስተኛውን ሰልፍ አይቼ ከልቤ አዘንኩላቸው። ለማን ማዘን እንደነበረብኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ። ትኬት አለኝ ማለት ወንበር አለኝ ማለት አይደለም። ትኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር የለም። ፊልሙ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ያልገባ ሰው ቦታው ለሦስተኛው ሰልፍ ይሰጣል። ይህ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ፊደሉ ግን ትንኝ ያክላል፤ እኔ ደግሞ መነጽሬን ለፊልሙ ብዬ አጥቤ ማኅደሩ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

የደረስኩት ፊልሙ ሊጀምር አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነው። ከሰልፉ አንደኛ ነበርኩ። ይህንን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ከየት ተነስቼ የት እንደደረስኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ከእኔ ቀጥለው የመጡት ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ እናት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሲያትል ፊልም ተመልካች ማለት ጡረታ የወጣ ሰው ማለት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆሞ እኔ ከፊት ልቆም? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ባደርግ ሰው ምን ይለኛል? «ይቅደሙ» አልኳቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ስለተናገርኩት የገባቸው ይመስለኛል።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ።

«በጣም» አልኩ።

አመስግነው ቀደሙ። ቀጥለው ጓደኛቸው መጡ፤ ጓደኛሞችን መለየት ደግ አይደለምና እሳቸውንም አሳለፍኩ። ከዚያ ከዘራ የያዙ አዛውንት መጡ። ከዚያ ባልና ሚስት፤ ሚስትየዋ ዳሌያቸውን በቅርብ የተቀየሩ ናቸው፤ አረማመዳቸውን አይቼ አወቅሁ፤ ሥራዬ ነው። ከዚያ ሸበቶ ተከትሎ ሸበቶ። አንዷ ግራጫ ጸጉሯን ዐይቼ ካሳለፍኳት በኋላ ዞር ስትል የሃያ ዓመት ልጅ ሆና አገኘኋት። ለካስ አሁን ወጣቶች ጸጉራቸውን ግራጫ ይቀባሉ። የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነውና ቦታዋን ተውኩላት።

በሩ ሲከፈት ነገሩ ባሰ። የበሩ መስታወት ከባድ ነው፤ ከዘራ የያዙት ሰውዬ ሲታገሉት አየሁና ሮጬ ያዝኩላቸው። እሳቸው ሲገቡ የሚቀጥሉት መጡ። በር ይዛችሁ ታውቃላችሁ? መቼ እንደሚለቀቅ የሚናገር ሕግ የለም። በአንድ እጄ በሩን፣ በአንድ እጄ ጃንጥላዬን ይዤ «ይግቡ፣ ይግቡ» እያልኩ ሁለተኛውን ሰልፍ ጨረስኩ። ቀጥሎም አንድ ሰው አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ሁሉም «ታንክ ዩ» ይሉኛል፣ አንዱማ የሕንፃው ዘበኛ መስዬው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ከሚለው አልፎ እነዚህ ሦስተኛው ሰልፍ መሆናቸውን ማን ይንገረኝ? ወንበሬን የወሰደውን ሰው በሩን ከፍቼ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

አዳራሹ በር ላይ ስደርስ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች ልጅ ቆማለች።

«ይቅርታ፣ ሞልቷል» አለችኝ።

«ትኬት አለኝ እኮ።»

ደንቡን አስረዳችኝ። ትንኝ የሚያክለውን ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። የምርቃቷ ዕለት «ኢትስ ኦኬ» ያለችው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ እንደዚያ ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኛል።

«ከውስጥ ካሉት ፊልሞች አንዱን የሠራችው ልጄ ናት» አልኩ።

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። «እናቷ ነሽ? እናቷ ከሆንሽ ግድግዳ ጥግ አቆምሻለሁ።»

እዚህ ላይ «አዎ» ብል ገብቻለሁ። አንዲት ቃል ናት። ግን ቀሚሴ የጥምቀት ነው፣ ነጠላዬ የኪዳን ነው፤ በዚህ ልብስ እንዴት ይዋሻል? «የክርስትና እናቷ ነኝ» አልኩ።

«እሱ ምን ማለት ነው? አሳዳጊ?»

«በሰማንያ ቀኗ ያቀፍኳት ነኝ። ወንድ ቢሆን በአርባ ነበር።»

«ለምንድን ነው የሚለያየው?» አለች ልጅቷ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

እኔም ከልቤ መመለስ ጀመርኩ። ከአዳም ተነስቼ ሔዋን ላይ ስደርስ ከውስጥ ሙዚቃ ተሰማ። ጀምሯል። ልጅቷ አዘነችልኝ። አለቃዋ ውስጥ እንደሆነ፣ በሁለት ፊልሞች መካከል አንድ ሰው ከወጣ አንድ ሰው ማስገባት እንደምትችል፣ ሰው ግን ብዙም እንደማይወጣ ነገረችኝ። ወረቀቱን አየሁ። ፊልሞቹ ስምንት ናቸው፤ የሜሮን ስድስተኛ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በልቤ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፤ ያን የማይረባ ፈንድሻም የገዛሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ፊልም ሲያልቅ በሩ ተከፈተና ባለ ከዘራው ሰውዬ እያነከሱ ወጡ። ሲያዩኝ ቆሙ።

«አንቺ በሩን የያዝሽልን አይደለሽም? እስካሁን ውጭ ነሽ?»

የሆነውን ነገርኳቸው። ያለ ምንም ማመንታት «በይ የእኔን ወንበር ውሰጂ» አሉ። «እኔ የመጣሁት ለመጀመሪያው ፊልም ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ የሠራችው። ጉልበቴም አላስቀምጠኝ ብሏል።»

ስንት ሰዓት የጸለይኩበት ነገር እግሩን አውጥቶ መጣልኝ። እኔስ ምን አልኩ?

«አይ፣ በፍጹም። አይሆንም። ይቀመጡ እንጂ።»

እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው አክብሮት ነው። ከሦስተኛው በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው። ሰውዬው ግን አሜሪካዊ ናቸው።

«ኦኬ» አሉና ተመልሰው ገቡ።

በሩ ተዘጋ። ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እኔ በሩን አየሁ።

«ለምን አይ አልሽው?» አለችኝ።

«ይለምኑኛል ብዬ ነዋ።»

«ለመነሽ እኮ።»

«አንድ ጊዜ» አልኳት። ልጅቷ ይህን የሚያስረዳ ነገር ግድግዳው ላይ እንዳለ ሁሉ ወዲያ ወዲህ አየች።

ሦስተኛው ፊልም እስኪያልቅ ቆሜ «አዎ» ማለት ተለማመድኩ። ሳል ሳይቀድመው፣ አንገት ሳይሰበር፣ ቀጥ ያለ አዎ። በሩ ሲከፈት ጮክ ብዬ «የስ» አልኩ። የወጣው ሽንት ቤት የሚፈልገው ሰውዬ ነው፤ ደነገጠ። ይመለሳልና ወንበሩ አይቆጠርም። አራተኛው አለቀ፤ ማንም አልወጣም። አምስተኛው ውስጥ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ቆሎዬን እጄ ላይ ይዤ ከረሳሁት ቆይቷል። አስቴርን ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር።

አምስተኛው ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። ባለ ከዘራው ናቸው።

«ሲከነክነኝ ነበር» አሉ። «ፊትሽ ሌላ፣ አፍሽ ሌላ ነበር የሚለው። ያልሽው አይ የእውነት አይ ነው?»

«የመጀመሪያው አይ ነበር» አልኩ።

«ስንት አለ?»

«ሦስት።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሁለት ይቀረኛል ማለት ነው። እባክሽ ወንበሬን ውሰጂ።»

እንደው ሰው በቁሙ እንዲህ ይከበራል? ሁለተኛው አይ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። «እሺ» አልኩ፣ ሦስተኛውን ሳልጠብቅ። ያሳደገችኝ እናቴ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር። ቆሎውን እጃቸው ላይ አድርጌ ገባሁ።

ወንበራቸው ከባለ ሰማያዊ ጃኬቷ እናት አጠገብ ነው። እሳቸውም ክንዴን ያዝ አድርገው አስቀመጡኝ። መነጽሬን ሳወጣ ፊልሙ ጀመረ።

ዝናብ። የአውቶብስ ፌርማታ። ሬኒየር ቫሊ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ካፖርት ላይ ደርባ ቆማለች፤ ሌክ ሲቲ ሰፈር ሱቅ ያላት ያገራችን ሴት ናት፤ ትወና እንደምትችል ማን ያውቃል። አጠገቧ ቦርሳ ያዘለች ትንሽ ልጅ አለች። አውቶብሱ መጣ። ሴትዮዋ በአማርኛ «ይግቡ፣ ይግቡ» ትላለች። ሰው ገባ፣ ገባ፣ ሞላ፣ በሩ ተዘጋ። ልጅቷ ሰዓቷን አየች። ሁለተኛው አውቶብስ መጣ። «ይግቡ።» አሁንም ሞላ። ሦስተኛው ሲመጣ ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ሴትዮዋን ግቢ ብሎ ሲለምናት፣ እሷ መሪውን እያሳየች «እርስዎ ይቅደሙ» ትለዋለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ሴት ናት እያልኩ ነበር፣ ካፖርቷን ልብ እስክል ድረስ። ቡናማ ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ አይመሳሰልም። ያንን ቁልፍ የተከልኩት እኔ ነኝ።

ሳቄ ቆመ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትደርስ ኮሪደሩ ባዶ ነው። መምህሯ ለምን አረፈድሽ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ሴትዮዋ ደጅ ዝናብ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልብላታለች። «አውቶብሱ ዘገየ» አለች ልጅቷ። ፊልሙ አለቀ።

እኔም ለትምህርት ቤቱ ያልኩት ይህንኑ ነበር። የንስሐ አባቴ ይህን አንብበው ከሆነ፣ አባ፣ ነገ እመጣለሁ።

ከእሱ ወዲያ ያሉትን ሁለት ፊልሞች አይቻለሁ፤ ስለ ምን እንደሆኑ ግን አትጠይቁኝ። መብራት በራ፣ ፊልም ሠሪዎቹ መድረክ ላይ ወጡ። ሜሮን ከዳር ቆማለች። መብራቱ ዐይኗን ወግቷት እጇን ግንባሯ ላይ ከልላ ረድፍ በረድፍ ስትፈልግ አየኋት። እኔ ያለሁበት በሸበቶ መሀል ነው፤ ነጭ ነጠላዬም ከነጭ ጸጉራቸው አልተለየላትም። እጇን አወረደች። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኢትስ ኦኬ ፊት ነው።

ባለ ሰማያዊ ጃኬቷ እናት ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። «የአውቶብሷ ሴትዮ በእውነት ያለች ሰው ናት? የት ናት?»

ሜሮን ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ፕሮባብሊ ውጭ ናት» አለች በእንግሊዝኛ። «በር ይዛ ሰው እያስገባች ይሆናል።»

ሕዝቡ ሳቀ። የእኛ ረድፍ ግን አልሳቀም። በየተራ አንገታቸውን አዙረው እኔን ያዩኛል፤ በር የያዝኩላቸው ሁሉ፣ ያቺ ጸጉሯን የተቀባችው ልጅ ሳትቀር። ሴትዮዋ ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። «እዚህ ናት» አሉ።

ሜሮን አየችኝ። ማይክራፎኑ አፏ ላይ እንደሆነ ረሳችው መሰለኝ።

«እቴቴ፣ ገባሽ?» አለች፣ በአማርኛ።

«ገባሁ የኔ ልጅ። አርፍጄ ነው።»

«አውቶብሱ ነው?»

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማው ሰው ከሁለታችን ሌላ አልነበረም።

«አይደለም» አልኩ። «ያኔም አውቶብሱ አልነበረም። እኔ ነኝ።»

ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገችና በክንዷ ዐይኗን ጠረገች። ሰዎቹ ምን እንደተባባልን ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ስትወጡ የሚገጥማችሁን ደግሞ ልንገራችሁ። መውጫው በር ላይ ባለ ከዘራው ሰውዬ መስታወቱን በጀርባቸው ደግፈው፣ ቆሎዬን እየቆረጠሙ ጠበቁኝ። «ይቅደሙ» አልኳቸው። «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ፣ ባልና ሚስቱም፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቷም፣ አልፈውኝ እንደማይሄዱ ቆርጠው ቆመዋል። ሰልፉ እስከ አዳራሹ ውስጥ ደረሰ። ባለ አረንጓዴ ሰደርያዋ ልጅ የሚቀጥለው ፊልም ሰው ውጭ እየጠበቀ ነው ብላ ለመነችን። ሜሮን በሰው መሀል ተሽሎክልካ መጥታ ክንዴን ያዘች።

«እቴቴ» አለች፣ «ሦስት አውቶብስ አምልጦናል።»

እኔም ቀደምኩ።